አንባቢ ያለበት ቤት

እኛ ሰዎች ጩኸት እንወዳለን። ለቅሷችን በጩኸት፣ ሠርጋችን በጩኸት፣ ገበያችን በጩኸት ነው። ትምህርታችንም ከዚህ አላመለጠም። ቄስ ትምህርት ቤት አጠገብ ያደጋችሁ ታውቁታላችሁ፤ ልጆቹ ሲጮኹ የሰማ መንገደኛ «ጎበዝ፣ እየተማሩ ነው» ብሎ አመስግኖ ያልፋል፣ ዝም ያሉ እንደሆነ ደግሞ የኔታ እንቅልፍ ወስዷቸዋል ብሎ ያማቸዋል። ልጆቹ የሚጮኹት ምን እንደሆነ ቆሞ የጠየቀ መንገደኛ ግን አላጋጠመኝም። እኔ ራሴ ዕድሜዬን በሙሉ ጠመኔ ጨብጬ ስኖር ብዙ ልጅ አስጩኼአለሁ፣ ጥቂት ልጅ ደግሞ ማንበብ አስተምሬአለሁ። ሁለቱ የተለያየ ሥራ መሆኑን ያወቅኩት ዘግይቼ ነው። ዛሬ የተነሣሁት እንዴት እንዳወቅኩት ልነግራችሁ ነው፤ የሚያስቅ ወሬ ፈልጎ የመጣ ሰው ካለ ግን ከአሁኑ ወደ ጎረቤት ቢሄድ አልቀየመውም።

ትምህርት ቤቱ ከፈረንሳይ ለጋሲዮን ወደ እንጦጦ ሽቅብ ሲወጣ፣ ባሕር ዛፉ ጥቅጥቅ ማለት ከመጀመሩ በፊት ነበር። ጭቃ ግድግዳ፣ ቆርቆሮ ጣሪያ፤ ዝናብ ሲመጣ አስተማሪም ተማሪም እኩል ዝም የሚሉበት ቤት። ብሔራዊ ውትድርና የታወጀ ሰሞን ነው። ከመምህራን ማሠልጠኛ ገና ወጥቼ አንደኛ ክፍልን፣ የከሰዓቱን ፈረቃ ተረከብኩ። ከዘጠና የማያንሱ ልጆች በአንድ ወንበር አራት አራት እየሆኑ ይቀመጣሉ፤ አራተኛው በግማሽ ቂጡ ነው። እናቶቻቸው ከጫካው ቅጠልና ጭራሮ ተሸክመው የሚወርዱ፣ ቤታቸው ኦሮምኛ የሚነገርባቸው ነበሩ። የሱቅ ነጋዴ ልጆች፣ አማርኛው የሚሸጥና የሚገዛ ነገር ሲሆን ብቻ የሚቀልላቸው፣ ነበሩ። አባቱ ወታደር ሆኖ ከትግራይ የመጣ አንድ ልጅ ነበር። ከጋሞ የመጡ የሸማኔ ልጆች ነበሩ፤ ሰፈሩ እነዚህን ሁሉንም ዶርዜ እያለ ይጠራቸዋል፣ ዶርዜ አይደለንም ብለው ማስረዳቱ ሰልችቷቸው ትተውታል። ከእነዚህ ሁሉ መካከል ደግሞ ፊደል ከቤቱ ቆጥሮ፣ ዳዊት ሊጀምር ተቃርቦ የመጣ የቄስ ልጅ ነበር። የክፍሉ ሞተር እሱ ነው። እሱ ይጀምራል፣ የቀሩት ይከተሉታል፤ እኔ በእርጋታ በወንበሮቹ መካከል እመላለሳለሁ።

መጽሐፋችን ላይ የዶሮ ሥዕል ያለበት ገጽ ነበር፤ ከሥሩ «ዶሮዋ እንቁላል ጣለች» ይላል። በገባሁ በሁለተኛው ሳምንት፣ ማሠልጠኛ ውስጥ «ልጁን ከሚያውቀው ወደማያውቀው ውሰደው» ብለው ያስተማሩኝ ትዝ አለኝና ሥዕሉን ከፍ አድርጌ ይዤ፣ እቤታችሁ ይህን ምን ትሉታላችሁ ብዬ ጠየቅኩ። ከዚያ አንዷ ከኋላ «ሉኩ» አለች፣ የወታደሩ ልጅ «ደርሆ» አለ። ከፊት የተቀመጠች ቀጭን፣ ጣቶቿ ክር ሲያጠነጥኑ የዋሉ ልጅ ብድግ ብላ «ኩቶ» አለች። ዘነበች ትባላለች፤ የሸማኔው የጋሽ ወልዴ ልጅ ናት። ለምን እንደሆነ አላውቅም፣ በሉኩ ያልሳቀ፣ በደርሆ ያልሳቀ ክፍል በኩቶ ሳቀ። እኔም ፈገግ አልኩ፤ ዛሬም የሚቆረቁረኝ እሱ ነው። ዘነበች ተቀመጠች። በማግስቱ ርዕሰ መምህሩ ጠርተው፣ ክፍል ውስጥ የሚነገረው ቋንቋ አንድ ብቻ መሆኑን፣ ሌላው የጠባብነት በር መክፈት መሆኑን በጨዋ አነጋገር አስታወሱኝ። ማን እንደነገራቸው አልጠየቅኩም፤ ያን ጊዜ እንዲህ ያለ ነገር አይጠየቅም ነበር። በሩን ዘጋሁት።

ከዚያ ወዲህ ዘነበች አንድ ሙያ አዳበረች። የቄሱ ልጅ አፉን ሲከፍት አፉን ታያለች፣ የመጀመሪያዋን ድምፅ ትይዛለች፣ ከዚያ ከሁሉም በላይ ትጮኻለች። ድምፅዋ ጥርት ያለ ነበር። የትም ቦታ አትደናቀፍም። ጎበዝ ተማሪ አገኘሁ ብዬ አስተማሪዎች ክፍል ውስጥ ሳወራ ከረምኩ፣ አንድ ቀን ግን መጽሐፏን ይዤ ሳስነብባት መዳፌ ሳላስበው ዶሮዋን ሸፈናት። ዘነበች ዝም አለች። እጄን አነሳሁ፤ «ዶሮዋ እንቁላል ጣለች» አለች። መልሼ ሸፈንኩ፤ ዝም። አጠገቧ ያሉትን ሞከርኳቸው፣ የኋላዎቹን ሞከርኳቸው። ከቄሱ ልጅና ከጥቂት ቢጤዎቹ በቀር ሥዕሉ ሲሸፈን ክፍሉ በሙሉ ዲዳ ነው። ለካ ስድስት ወር ሙሉ ያስተማርኩት ዜማ ኖሯል። ያን ቀን እጄን ከመጽሐፉ ላይ አነሳሁ፤ ከዚያ በኋላ ሥዕል ሸፍኜ አላውቅም። መድኃኒት የሌለውን በሽታ ማወቅ ምን ይሠራል?

አመት በዓል ሳይሆን አመት በዓል የመሰለ ነገር የመጣው ከዚህ በኋላ ነው። ቀበሌያችን ከመሃይምነት የጸዳ ለመባል ከጎረቤት ቀበሌ ጋር ይሽቀዳደም ነበር። ሽማግሌውን ሁሉ ማስነበብ እንደማይቻል ሲያውቅ «በየቤቱ ቢያንስ አንድ አንባቢ» የሚል ብልሃት አወጣ። አንባቢው ማን ይሁን? ያው የእኔ ተማሪ ነዋ። ርዕሰ መምህሩ ጠሩኝ። «ልጆቹ ማንበብ ይችላሉ?» አሉኝ። እንዴት እንደማይችሉ ላስረዳቸው ስጀምር «እኔ የጠየቅኩሽ ይችላሉ ወይ ብዬ ነው» አሉኝ። ክፉ ሰው አልነበሩም፤ አምስት ልጆች ያሏቸው፣ የፈሩ ሰው ነበሩ። እኔም የፈራሁ ነበርኩ፣ ልጅ እንኳ ሳይኖረኝ። ፈተናው እንዲህ ሆነ፦ የቀበሌው ሰው ተቀምጦ እያየ፣ እያንዳንዱ ልጅ ብድግ ብሎ አንድ ገጽ ያነባል። ገጹን የምመርጠው እኔ ነኝ። ለእያንዳንዱ ልጅ የሚያውቀውን ሥዕል ሰጠሁት። ለዘነበች ዶሮዋን ሰጠኋት፤ የቀበሌው ሰው አጨበጨበላት። በስማቸው ትይዩ «ማንበብ ይችላል፣ ማንበብ ትችላለች» እያልኩ ጻፍኩና ፈረምኩ። ቆንጆ ፊርማ ነበረኝ።

በሳምንቱ የአብዮት ጥበቃ ጓዶች ቀይ ቀለም በጣሳ ይዘው ሰፈሩን ዞሩ። አንባቢ ባለበት ቤት በር ላይ የክብ ምልክት ይቀባሉ። ጎረቤት ከጎረቤት ምልክት ሲቆጥር፣ የሌለው ሲያፍር ሰነበተ። እንግዲህ እዚህ ላይ ልብ በሉልኝ፤ ነገሩ ሁሉ የተበላሸው በዚህች በክቧ ምክንያት ነው። ቀድሞ የቀበሌ ወረቀት ሲመጣ የሚያመጣው ጥበቃ ራሱ በር ላይ ቆሞ አንብቦ፣ ተሰምቶኛል አስብሎ ነበር የሚሄደው። ምልክቱ ከተቀባ በኋላ ግን ምልክት ላለበት ቤት ወረቀቱን ሰጥቶ ብቻ ያልፋል። ለምን ይልፋ? አንባቢ አላቸው። ይህን ሥርዓት ያወጣ ሰው ለአንባቢዎቹ ክብር ብሎ እንዳወጣው አልጠራጠርም።

የጋሽ ወልዴን ቤት ላስተዋውቃችሁ። ጋሽ ወልዴ የሽመና ጉድጓድ ውስጥ እግራቸውን ሰደው ጥለት ሲቆጥሩ ኖረው ዓይናቸው ደክሟል፤ ሰው የሚለዩት በድምፁ ነው። ሚስታቸው እትዬ ደስታ የተሸመነውን ገበያ ይወስዳሉ። ጉድጓዱ ውስጥ የተተካው የዘነበች ወንድም ታደሰ ነው፤ አሥራ ዘጠኝ ዓመቱ፣ ዝምተኛ፣ ያ ቤት የሚበላውን እንጀራ በሙሉ በሁለት እግሩና በሁለት እጁ የሚያወጣ ልጅ። ዘነበች ከትምህርት ቤት ስትመለስ ማጉን ታጠነጥንለታለች። ከዚህ በኋላ የምነግራችሁን በዓይኔ አላየሁም፣ ከእትዬ ደስታና ከባለሱቁ ከጋሽ ነስሩ አፍ ኋላ የለቀምኩት ነው።

ሰኞ ቀን ወረቀት መጣ። ጥበቃው ክቧን አየ፣ ወረቀቱን ለእትዬ ደስታ ሰጠና ሄደ። ቀድሞ ቢሆን እትዬ ደስታ ጥበቃው አንብቦላቸው ሲሄድ እንኳ እየሮጡ ሱቅ ሄደው ጋሽ ነስሩን ደግመው ያስነብቡ ነበር። አሁን ግን ምን ሲደረግ። ወረቀቱን ሳጥን ላይ አስቀምጠው ዘነበችን ጠበቁ። ስትመጣ እጇን አስታጠቧት። ጎረቤት ሁለት ሴቶች ነበሩ፣ አባትየው ነበሩ፣ ታደሰም ከጉድጓዱ ሳይወጣ ሥራውን አቁሞ ቀና ብሎ ያያት ነበር። ዘነበች ወረቀቱን ገለጠች። ሥዕል የለውም።

ምን ታድርግ? እናንተ ብትሆኑ ምን ታደርጋላችሁ? የስምንት ዓመት ልጅ ናት፤ በሯ ላይ ቀይ ምልክት አለ፤ የቀበሌ ሰው አጨብጭቦላታል፤ አባቷ በማያየው ዓይናቸው ወደ እሷ ዞረዋል። አልችልም ትበል? እኔ ተምሬ፣ ደሞዝ እየበላሁ ያላልኩትን እሷ እንድትለው መጠበቅ ነውር ነው። ቀበሌ ሲጠራ ምን እንደሚል ታውቃለች፤ በድምፅ ማጉያ ስንት ጊዜ ሰምታዋለች። ጉሮሮዋን ጠርጋ «የቀበሌያችን ነዋሪዎች በሙሉ፣ እሁድ ጠዋት በሁለት ሰዓት ስብሰባ ስላለ ከየቤቱ አንድ አንድ ሰው እንዲገኝ፤ የቀረ ስኳር አይሰጠውም» አለች። የትም ቦታ አልተደናቀፈችም። ሴቶቹ እልል አሉ። ጋሽ ወልዴ «የኔ ልጅ» ብለው አለቀሱ ይባላል።

ማክሰኞ እትዬ ደስታ ሱቅ ሄዱ። ጋሽ ነስሩ መልካም ሰው ነበሩ፤ እሳቸውም ልጃቸው ለውትድርና ደርሶ ነበርና ሰኞ ዕለት ተመሳሳይ ወረቀት ደርሷቸዋል። አንብበውት፣ በነጋታው ጎህ ሳይቀድ ልጁን ለአጎቱ እህል ያደርሳል ብለው ቡታጅራ ልከውታል። አሁን እትዬ ደስታን ሲያዩ ሆዳቸው ባባ፤ የሷም ልጅ ደርሷል። ግን እንዲህ ያለ ነገር በግልጽ ይጠየቃል? ሱቁ ውስጥ ሌላ ሰው አለ። «ወረቀት ደረሰሽ?» አሏት ዝቅ ብለው።

«ደረሰኝ። ዘነበች አነበበችልኝ፤ ስብሰባ ነው» አሉ እትዬ ደስታ፣ ኩራት እያፈናቸው።

ጋሽ ነስሩ ቀና ብለው አዩዋት። ብልህ ሴት ናት አሉ በሆዳቸው፤ ሰው ፊት የሚባለውንና የማይባለውን ታውቃለች፣ ልጁንም ይህን ጊዜ ሸኝታዋለች። «አዎ፣ ስብሰባ ነው» ብለው ጨው መዘኑላት። በዚያ ዘመን ሰው ሁሉ የሚናገረውን ሳይሆን ሌላ ነገር ማለቱ ስለነበር፣ የሚናገረውን በእርግጥ የሚያምን ሰው ሲመጣ ማንም አልለየውም። ሐሙስ አለፈ። ጋሽ ነስሩ ይህን ሲነግሩኝ ጢማቸው ላይ የወረደውን እንባ አልጠረጉትም።

እሁድ ጠዋት እትዬ ደስታ ገበያ ሊወጡ፣ አባትየው ማየት ስለማይችሉ፣ ቤቱን ወክሎ ማን ይሂድ ሲባል ታደሰ ተነሣ። ፊቱን ታጠበ፣ ራሱ የሸመነውን ነጠላ ለበሰ። ከዚያ ሰፈር ስማቸው ከተጻፈ ወጣቶች መካከል ግማሾቹ ጠፍተው፣ ግማሾቹ ከቆጥና ከአልጋ ሥር ተጎትተው ሲመጡ፣ በሁለት እግሩ፣ በሰዓቱ፣ ያለጠሪ የመጣ ታደሰ ብቻ ነበር። ሊቀ መንበሩ ለሌሎቹ አርአያ ነው ብለው ከፊት አቆሙት። ከቀትር በፊት መኪና ላይ ተጫነ። ስኳሩን ጠይቆ እንደሆነ የሚያውቅ የለም።

ማክሰኞ ከሰዓት፣ ፈረቃው ሳይገባ፣ እትዬ ደስታ ዘነበችን በእጃቸው ይዘው ትምህርት ቤት መጡ። ሊጣሉኝ መስሎኝ ነበር። እሳቸው ግን ወረቀቱን ከጉያቸው አውጥተው በሁለት እጃቸው ሰጡኝ።

«ቀበሌ ሄጄ ነበር» አሉኝ። «ወረቀቱ ላይ ተጽፏል፣ ቤትሽ አንባቢ የለም ወይ ብለው ሳቁብኝ። ልጄ ያነበበችው ስብሰባ ይላል። ያስተማሯት እርስዎ ነዎት፤ እርስዎ ይንገሩኝ። ማነው የዋሸኝ?»

ወረቀቱን አነበብኩት። አጭር ነው። ልጅዎ ታደሰ ወልዴ ለብሔራዊ ውትድርና ስለተመለመለ እሁድ ጠዋት በሁለት ሰዓት በቀበሌው ጽሕፈት ቤት እንዲገኝ ይላል። ከታች ደግሞ፣ የቤተሰቡ ብቸኛ ጧሪ ነው የሚል ወገን ካለ እስከ ሐሙስ ማስረጃውን ይዞ ይቅረብ ይላል። ሁለተኛውን መስመር ሁለት ጊዜ አነበብኩት። ብቸኛ ጧሪ። ዓይኑ የጠፋ አባት ይዞ መሄድ ከዚህ የበለጠ ማስረጃ አለ? ይሰሟቸው ነበር ወይ ካላችሁኝ አላውቅም። ሐሙስን ግን ነጥቀናቸዋል፤ እኔና ቆንጆ ፊርማዬ።

ቀና ስል ዘነበች አየችኝ። የማትችለውን እንደምትችል አድርጌ የጻፍኩላት ልጅ፣ ሳታነብ እንዳነበበች ከእኔ በቀር የሚያውቅባት የሌለ ልጅ፣ ከንፈሯ ደርቆ አፌን ትጠብቃለች። እውነቱን ብናገር ይህች ልጅ ከዛሬ ጀምሮ ወንድሟን የላከች ልጅ ናት፤ እስክትሞት። እኔስ? እኔ ደግሞ ከርዕሰ መምህሩ ጋር ቀበሌ እቆማለሁ። ለእሷ ስል ነው የዋሸሁት ብላችሁ እንድታምኑኝ ደስ ይለኝ ነበር። ለሁለታችንም ነው።

«ስብሰባ ይላል» አልኳቸው።

እትዬ ደስታ ራሳቸውን ነቀነቁ። «አውቄዋለሁ» አሉ። ከቀበሌ በላይ ከፍተኛ አለ፣ እዚያ ሄጄ እከሳለሁ ሲሉ፣ ጊዜው ጥሩ አይደለም፣ ወረቀቱን ለማንም አያሳዩ፣ ሌላ መዘዝ ያመጣብዎታል ብዬ ለመንኳቸው። መዘዝ የሚለውን ቃል ያን ጊዜ ለማንም ማስረዳት አያስፈልግም። ወረቀቱን መልሰው ጉያቸው አስገቡ። ዘነበች ግን ፊቷ ፈካ። በግምት የተናገረችውን እኔ አጸናሁላት፤ ለካ ሳላውቀው አንብቤው ኖሯል ብላ አመነች።

እዚህ ላይ የእኔ ቅጣት ጀመረ። ዘነበች የንባብ ፍቅር ያዛት። የተቀደደ ጋዜጣ፣ የሳሙና ልባስ፣ ምን የማታመጣው ነገር አለ። «ቲቸር፣ ይህ ምን ይላል?» እኔ ደግሞ አንድ ነገር አውቃለሁ፤ ይህች ልጅ በእርግጥ ማንበብ የቻለች ቀን እናቷ ጉያ ውስጥ ያለውን ወረቀት ታነበዋለች። አንድ ፊደል ባስጨበጥኳት ቁጥር ወደዚያ ወረቀት አንድ እርምጃ እየገፋኋት ነው። ተናዘዢ ካላችሁኝ ልናዘዝ፦ አንድ ወር ያህል አዘገየኋት። የንባብ ሰዓት ሲደርስ ጠመኔ አምጪ እላታለሁ፣ ሰሌዳ አጥቢ እላታለሁ። ማንበብ ሊያስተምር የተቀጠረ ሰው አንዲት ልጅ እንዳታነብ ሲደክም ያየ አለ? እሷ ናት ያቆመችኝ። «ቲቸር፣ እኔን ለምን አያስነብቡኝም? አጠፋሁ?» አለችኝ። እንባዬ መጣና ወደ ሰሌዳው ዞርኩ።

ከዚያ ፈረቃው ሲያልቅ ከትምህርት ቤቱ በላይ ካለው ባሕር ዛፍ ሥር ይዣት መቀመጥ ጀመርኩ። መጽሐፉን ተውኩት። የሲጋራ ካርቶን ቀድጄ፣ ሥዕል የሌለው አንድ ቃል ጻፍኩና ሰጠኋት። ረጅም ጊዜ አየችው። ጣቷን በመጀመሪያው ፊደል ላይ አሳርፋ «ኩ» አለች፣ በሁለተኛው ላይ አሳርፋ «ቶ» አለች። ከዚያ ሁለቱን አገጣጥማ ቀስ ብላ «ኩቶ» አለች። ዞር ብላ አየችኝ። ይህ ቃል ይጻፋል እንዴ የምትል ትመስል ነበር። ሳቀች፤ ያን ሳቅ በዓይኔ ይዤው አርጅቻለሁ። ያን ዓመት ሙሉ በጩኸት ያልገባ ነገር በዚያች በአንዲት ቃል ገባ። ድር ጻፍኩላት፣ ማግ ጻፍኩላት፣ ጥለት ጻፍኩላት፤ የቤቷን ነገር ሁሉ። ርዕሰ መምህሩ በመስኮት አይተው ምንም አላሉኝም። ክረምቱ ሲቃረብ ዘነበች ያገኘችውን ሁሉ ታነብ ነበር፤ ቀስ እያለች፣ በጣቷ እየተከተለች፣ ድምፅ ሳታሰማ። እኔ ደግሞ ታደሰ የሚለውን ስም የሚሠሩትን ሦስት ፊደላት በአንድ ካርቶን ላይ አብሬ ላለመጻፍ ስጠነቀቅ ከረምኩ። ሞኝነት ነው። ፊደል እንኳንስ እኔን፣ መንግሥትንም አይሰማም።

የታደሰ ወሬ የመጣው በሁለተኛው ዓመት፣ መስቀል ካለፈ በኋላ ነው። እግሩን ያጣ የሰፈሩ ልጅ ከሰሜን ተመልሶ ለጋሽ ነስሩ ነገራቸው፣ ጋሽ ነስሩ ለሽማግሌዎች ነገሩ፣ ሽማግሌዎቹ ጠዋት በር አንኳኩ። በሩ ላይ ክቧ ደብዝዛ ነበር። እኛም መምህራን ተሰብስበን ለቅሶ ደረስን። ቤቱ ሞልቷል። ጉድጓዱ በሳንቃ ተሸፍኖ ሰው ተቀምጦበታል። እትዬ ደስታ ማልቀሳቸውን አቋርጠው፣ ጉያቸውን ዳበሱና ያንን ወረቀት አወጡ። ታጥፎ ታጥፎ ጠርዙ አልቋል።

«ልጄ አንባቢ ናት» አሉ ለቤቱ በሙሉ። «ዘነቡ፣ ነይ አንብቢልኝ። ውሃ ቀድቼ ፊቱን ያስታጠብኩት እኔ ነኝ። ሂድ ያልኩት እኔ ነኝ። እኔ ነኝ የላክሁት ወይስ እነሱ ናቸው ያታለሉኝ? ሰው ሁሉ ይስማ፤ አንብቢው።»

ጋሽ ነስሩ ከተቀመጡበት ሊነሡ ብለው ተመልሰው ተቀመጡ። እኔ ምን ልበል? ዘነበች አሥር ዓመቷ ነው፤ ወረቀቱን ወስዳ ብርሃን ወዳለበት ወደ በሩ ጠጋ አለች። ጣቷን አየሁት። በመጀመሪያው መስመር ሄደ፣ ስሙ ላይ ሲደርስ ቆመ። ከዚያ ቀጠለ። ታችኛው መስመር ላይ ደረሰ፣ ሐሙስ ላይ ቆመ፣ ወደ ኋላ ተመለሰና ያንኑ መስመር ከመጀመሪያው ጀመረ። በሕይወቴ ብዙ ልጅ ሲያነብ አይቻለሁ፤ እንደዚያ ቀን ያነበበ ልጅ አላየሁም። አባትየው አንገታቸውን አቅንተው ያዳምጣሉ።

«ስብሰባ ነው የሚለው፣ እማዬ» አለች። ድምፅዋ ትንሽ ነበር። «እሁድ ጠዋት ስብሰባ አለ ይላል። የቀረ ስኳር አይሰጠውም ይላል።»

«ሰማችሁ?» አሉ እትዬ ደስታ። «ሰማችሁ አይደል? እኔ አልላክሁትም።» ከዚያ ለቅሷቸው ተለወጠ፤ ቅድም እየቧጠጡት የነበረውን ፊታቸውን ትተው፣ ልጁ እንደሞተባት እንደማንኛዋም እናት አለቀሱ።

ስወጣ ዘነበች እስከ አጥሩ ሸኘችኝ። አጥሩ ሥር ከተደፋው አመድ ላይ ቆመን ወደ እንጦጦ አየን።

«ቲቸር» አለችኝ፣ «እርስዎ ያን ጊዜ በደንብ አንብበውት ነበር?»

«አዎ» አልኳት።

«እኔ ግን ያን ጊዜ አላነበብኩትም» አለች።

«አውቃለሁ፣ ልጄ።»

ለለቀስተኛው ውሃ ልታቀርብ ተመልሳ ገባች። እትዬ ደስታ በእርጅናቸው አርፈዋል፤ ይህን ዛሬ የማወራችሁም ስላረፉ ነው። እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል ይባላል። ይጥራ፣ አልከለክለውም። እኔና ዘነበች ግን እዚያ ቤት እንዳይነጋ ስንጠብቅ ኖረናል፣ እግዚአብሔርም ይህን ኃጢአት ብሎ ከጻፈው፣ እንድታነብልኝ የምለምነው እሷን ነው።